ስለ ነፍሳት ቤተ መዘክርና ስለ ሕያዋን ቢራቢሮዎች አትክልት ቦታ
ለሆሞሻ መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



የሰው ልጅ ዐይን ትልቁን ነገር ለማየት ይቸኩላል። ዝሆንና አንበሳ ለማየት ሩቅ መንገድ ይሄዳል፤ ከእግሩ ሥር የምትሄደውን ጉንዳን ግን ረግጧት ያልፋል። ነገር ግን በምድር ላይ ከሚኖሩት እንስሳት ሁሉ በዓይነት ብዛት ነፍሳትን የሚተካከል የለም። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ስም ሰጥተው የመዘገቧቸው የነፍሳት ዓይነቶች 1 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ቢራቢሮዎች ብቻቸውን ከ17,000 የሚበልጡ ዓይነቶች ናቸው። የሰውን እህል የሚያጠፉት፣ አበባ ለአበባ እየዞሩ ፍሬ እንዲይዝ የሚያደርጉት፣ በሽታ የሚያመጡትና ማር የሚሰጡት ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ ነፍሳትን ማወቅ የእርሻና የጤና ጉዳይ እንጂ የጨዋታ ነገር አይደለም።

የቀደሙት ሰዎች ይህን አልዘነጉትም። ንጉሥ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ከጉንዳን እንዲማር መክሮታል፤ በቅዱስ ቁርኣንም ውስጥ በንብና በጉንዳን ስም የተሰየሙ ምዕራፎች አሉ። ታላላቆቹ መጻሕፍት እነዚህን ትናንሽ ፍጥረቶች ለትምህርት ካቀረቧቸው፣ የመንደር ትምህርት ቤት ሊንቃቸው አይገባም።

አስቀድሞ ነፍሳት የሚባሉት የትኞቹ እንደ ሆኑ መለየት ያስፈልጋል። ሰውነታቸው ከሦስት የተከፈለ፣ ይኸውም ራስ፣ ደረትና ሆድ ያላቸው፣ እግሮቻቸውም ስድስት የሆኑት ናቸው። በዚህም ምክንያት በትምህርት ቤት ሦስት አጽቄ ይባላሉ። ሸረሪት ስምንት እግር ስላላት ከዚህ ወገን አትቈጠርም፤ ጊንጥም እንደዚሁ ነው። ይህን መለያ አንድ ሕፃን በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል፤ ከተማረው በኋላ ግን በደጃፉ ያለውን ፍጥረት ሁሉ በሌላ ዐይን ማየት ይጀምራል።

ቤተ መዘክር ማለት የመታሰቢያ ቤት ማለት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአራት ኪሎ ግቢ የአራዊት፣ የአእዋፍ፣ በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳትና የነፍሳት ናሙና የተሰበሰበበት የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አለ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነፍሳቱ ደርቀው፣ በቀጭን መርፌ ተወግተው፣ በሣጥን ውስጥ በሥርዓት ተደርድረው ይቀመጣሉ። ከእያንዳንዱም መርፌ ሥር የተያዘበት ቦታ፣ የተያዘበት ቀንና የያዘው ሰው ስም የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይደረጋል። ጎብኚ ብዙ ጊዜ የክንፉን ቀለም አድንቆ ወረቀቱን ሳያነብ ያልፋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ወረቀቱ ነው። ጽሕፈት የሌለው ቢራቢሮ ጌጥ ብቻ ነው፤ ጽሕፈት ያለው ግን በዚያ ቦታና በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፍጥረት እንደ ነበረ የሚመሰክር ነው።

የዚህን ጥቅም አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ሊቃውንት ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የሚሉት ቢራቢሮ በአፍሪካ በብዙ አገር ይገኛል። ወንዱ ቢጫ ሆኖ በኋለኛው ክንፉ ላይ እንደ ጅራት ያለ ነገር አለው። ሴቲቱ ግን በብዙ አገር ጅራት የላትም፤ መልኳም ወፎች መራራነታቸውን ዐውቀው የማይበሏቸውን ሌሎች ቢራቢሮዎች ይመስላል፤ በዚህም ከሚያድኗት ወፎች ታመልጣለች። በኢትዮጵያ የሚገኙት ሴቶች ግን አብዛኞቹ ወንዱን የሚመስሉና ጅራት ያላቸው ናቸው። የኢትዮጵያው ወገን የተሰየመው በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ይኖር በነበረውና በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሞተው በኢጣሊያዊው ተመራማሪ በአንቲኖሪ ስም ነው። ከልዩ ልዩ አገር የመጡት ናሙናዎች ጎን ለጎን በሣጥን ባይቀመጡ ኖሮ ይህን ልዩነት ማንም ባላስተዋለው ነበር።

ነገር ግን የደረቀው ናሙና ሁሉን አይናገርም። ቢራቢሮው ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚበር፣ እንቁላሉን የት እንደሚጥል ከሣጥን አይታወቅም። ስለዚህ በሌላው ዓለም ከሙታኑ ሣጥን አጠገብ የሕያዋን ቤት መሥራት ተለመደ። በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ያለው የነፍሳት ቤተ መዘክር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ያን ቤት ያስጀመረው ጆርጅ ብሮሳር የተባለ፣ በሥራው የውል ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ከብዙ አገር የሰበሰባቸውን ነፍሳት ሕዝብ እንዲያያቸው ፈለገ፤ ቤቱም በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተከፈተ። በ2022 እንደገና ታድሶ ሲከፈት ቢራቢሮዎች በነጻነት የሚበሩበት ትልቅ የመስተዋት ቤት ተጨመረለት።

ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚገባ ሰው ሁለት በር ያልፋል። የመጀመሪያው ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም፤ ይህም ቢራቢሮዎቹ እንዳይወጡ ነው። ከውስጥ አየሩ እንደ ቆላ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ቢራቢሮ ፀሐይ ወይም ሙቀት ካላገኘ ክንፉን ማንሣት አይችልምና። አበቦች ተተክለዋል፤ በሳሕንም የበሰለ ሙዝና ብርቱካን ተቈርጦ ተቀምጧል። ቢራቢሮ ጥርስ ስለሌለው አያኝክም፤ እንደ ምንጭር ተጠቅልሎ የሚኖረውን ረጅም ምላሱን ዘርግቶ ጣፋጩን ውኃ ይመጥጣል። ጣዕሙንም አስቀድሞ የሚያውቀው በእግሩ ነው። ክንፉ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ልጆች ሲይዙት በጣታቸው ላይ የሚቀረው ዱቄት መሳይ ነገር ይኸው ቅርፊት ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ቢራቢሮ በእጅ አይያዝም። ጎብኚው ሲወጣም በልብሱ ላይ ያረፈ ቢራቢሮ እንዳይኖር ራሱን ይመለከታል።

ከሁሉ ይልቅ የጎብኚውን ልብ የሚይዘው ግን ትሎቹ ተሸፍነው የተሰቀሉበት መደርደሪያ ነው። በዚያ ደረቅ ቅጠል የሚመስሉ ነገሮች በረድፍ ተንጠልጥለው ይታያሉ። በድንገት አንዱ ይሰነጠቃል፤ ከውስጡም ክንፉ የተጨማደደና የረጠበ፣ ለመብረር የማይችል ፍጥረት ይወጣል። እርሱም የወጣበትን ቅርፊት ይዞ ይንጠለጠላል፤ ከሆዱም ፈሳሽ ወደ ክንፉ ሥሮች እየገፋ ክንፉን ቀስ በቀስ ይዘረጋዋል። ክንፉ እስኪደርቅ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ሰው አዝኖለት ሊረዳው ክንፉን ቢነካ ዕድሜውን ሙሉ ሽባ ሆኖ ይቀራል። ትዕግሥትን ለሕፃናት ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አያገኝም።

ቢራቢሮ አራት ዕድሜ አለው፤ እንቁላል ነው፣ ትል ነው፣ ተሸፍኖ የሚያንቀላፋ ነው፣ በመጨረሻም የሚበር ነው። ይህ ዛሬ ለተማረ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ዓለም ይህን ለማመን ረጅም ጊዜ ወስዷል። በአውሮፓ ብዙ ሰዎች ትል ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር በራሱ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። በ1647 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጀርመን አገር የተወለደችው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ከልጅነቷ ጀምራ የሐር ትልን እየቀለበች ትመለከት ነበር። በ1699 ከልጇ ጋር ባሕር ተሻግራ ሱሪናም ወደምትባል አገር ሄደች፤ በ1705 ባሳተመችው መጽሐፍም እያንዳንዱን ትል ከሚበላው ቅጠልና ከሚሆነው ቢራቢሮ ጋር በአንድነት ሥላ አሳየች። ይህች ሴት የተማረችው ከትል ጋር እየዋለች ቅጠል በመቀየር ነው።

በአገራችንም ተምች በማሳ ላይ በወረደ ጊዜ ከዝናብ ጋር ከሰማይ የመጣ ነው የሚል ሰው አይታጣም፤ ትናንት ያልነበረው ዛሬ ማሳውን ሞልቶ ይታያልና። እውነቱ ግን እናቱ በሌሊት የምትበር፣ በቀለሟ አፈር የምትመስል የእሳት እራት መሆኗ ነው። እርሷ እንቁላሏን በቅጠል ላይ ጥላ ስትሄድ ማንም አላያትም። ገበሬው ልጂቱን ያያል፤ እናቲቱን አያውቃትም። የነፍሳት ትምህርት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይገለጣል።

ይህ ነገር ለሆሞሻ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአሜሪካ የመጣው ተምች በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ታየ፤ በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገብቶ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ተገኘ፤ በዚያው ዓመትም በብዙ ክፍለ አገር በቈሎ ላይ ተሠራጨ። እናቲቱ በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ በአንድ ሌሊትም ረጅም መንገድ ትበራለች። ይህን ትል ከሌሎች መለየት ግን ይቻላል። በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጭ መሥመር አለ፤ ከጅራቱም አጠገብ አራት ጥቋቁር ነጥቦች እንደ አራት ማዕዘን ሆነው ተቀምጠዋል። ይህን ምልክት የሚያውቅ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ለአባቱ ማሳ ጥሩ ዘበኛ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ደግሞ የማንጎው ነጭ ቅርፊት ነፍሳ ነው። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ መጀመሪያ ታየ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ እየተስፋፋ ቤኒሻንጉል ደረሰ። በአሶሳና በሆሞሻ አካባቢ የማንጎ ዛፍ የቤት ጥላ፣ የልጆች ምግብና የገበያ ገንዘብ ነው። ይህች ነፍሳ ሰው ነፍሳ ናት ብሎ አይጠረጥራትም፤ ሴቲቱ ክንፍና የሚታይ እግር ሳይኖራት በነጭ ክብ ጋሻ ሥር ተጣብቃ የቅጠሉን ውኃ ትመጥጣለች፤ ሲያዩዋት በቅጠል ላይ የተረጨ ኖራ ትመስላለች። ግልገሎቿ በነፋስ ይወሰዳሉ፤ ይልቁንም ከአንድ መንደር ወደ ሌላ መንደር የሚያሻግራቸው ሰው ራሱ በሚያጓጉዘው ችግኝና ፍሬ ነው። ስለዚህ ችግኝ ከመግዛት በፊት የቅጠሉን ገጽና ጀርባ መመልከት የማይከፈልበት መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ ታላቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ጠላትን ከወዳጅ ያልለየ ሰው ሁሉን በመርዝ ይመታል። መርዙም ተምቹን ሲገድል ንቡንም ይገድላል። ዳግመኛም በኢትዮጵያ በተደረገ ምርምር በተምቹ ላይ እንቁላላቸውን እየጣሉ የሚገድሉት ጥቃቅን ተርቦች መኖራቸው ታውቋል። እነዚህ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ወታደሮች ናቸው፤ ሰው ሳያውቅ በገዛ እጁ ቢፈጃቸው ለሚመጣው ዓመት ጠላቱን ብቻውን ይገጥማል።

ስለ ጠላት ብቻ ከተነገረ ግን ልጆች ትልን ሁሉ መርገጥ ይማራሉ። ስለዚህ በደጅ ያለውን መልካሙን ደግሞ ማሳየት ይገባል። በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ አንድ ትል ይገኛል። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፍም ኩስ መስሎት ይተወዋል። ሲያድግ ቅጠል መስሎ አረንጓዴ ይሆናል። ቢነኩት ከራሱ ኋላ እንደ ቀንድ ያለ፣ ሁለት ጫፍ ያለው ለስላሳ ነገር አውጥቶ ኃይለኛ ሽታ ያሸታል። ይህ ትል በኋላ ጥቁርና ቢጫ የሆነ ታላቅ ቢራቢሮ ይሆናል። ሌላው ቅጠሉ ሲቈረጥ ነጭ ወተት በሚያወጣ ተክል ላይ ይኖራል፤ የተክሉን መራራነት በሰውነቱ ስለሚያከማች ወፎች አይደፍሩትም፤ ቢራቢሮ ሲሆንም ብርቱካንማ ቀለሙ መራራነቱን ያስታውቃል።

ነፍሳትን ማክበር ለድኻ አገር ሰው ምን ያተርፋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ በጎረቤት አገር በኬንያ ይገኛል። በሕንድ ውቅያኖስ ዳር አራቡኮ ሶኮኬ የሚባል የጥንት ጫካ አለ። በዙሪያው የሚኖሩት ገበሬዎች መሬት ስለ ጠበባቸው ብዙዎቹ ጫካው ተመንጥሮ እርሻ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኪፔፔኦ የሚባል ሥራ ተጀመረ፤ ይህም በስዋሂሊ ቋንቋ ቢራቢሮ ማለት ነው። ገበሬዎቹ ከጫካው ዳር ቢራቢሮ ይዘው እንቁላል ያስጥላሉ፤ ትሎቹን ቅጠል ይቀልባሉ፤ ከተሸፈኑ በኋላም በጥንቃቄ ታሽገው በአውሮፕላን ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የቢራቢሮ ቤቶች ይሸጣሉ። በዚህም ጫካው ለጎረቤቶቹ የገንዘብ ምንጭ ሆነ፤ ሰውም ሊመነጥረው ይፈልግ የነበረውን መጠበቅ ጀመረ። የሆሞሻ ቀርከሃና ዱርም ያልተቈጠረ ሀብት በውስጡ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለመምህራን ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የፈረንሳዩ የዣን ኦንሪ ፋብር ታሪክ ነው። እርሱ በ1823 ተወልዶ በ1915 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የሞተ፣ ለረጅም ዘመን በትንሽ ደመወዝ ልጆችን ያስተማረ ሰው ነው። በ1879 ድንጋያማና እሾህ የበዛበት፣ ለእርሻ የማይሆን መሬት ገዛ። ሰዎች የናቁትን ይህን ቦታ ለተርብና ለጥንዚዛ መኖሪያ አደረገው፤ በዚያም ተቀምጦ ኑሯቸውን እየተመለከተ ዓለም የሚያነባቸውን መጻሕፍት ጻፈ። ዛሬ ያ ቦታ ቤተ መዘክር ሆኖ ይጎበኛል። ምርምሩ ከትልቅ ቤት ሳይሆን ከሚያይ ዐይንና ከማይሰለች ብዕር የተገኘ ነው።

እንግዲህ የሆሞሻ ልጆች አዲስ አበባ ለመድረስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለባቸው፤ ሞንትሪያልማ አይታሰብም። ነገር ግን ቤቱ ወደ እነርሱ ሊመጣ ይችላል። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ ጥቂት አበቦችና ወተት የሚያወጣው ተክል ይተከላሉ። ከቀርከሃ ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል የሆነ ቤት ይሠራል፤ በስስ ጨርቅም ይሸፈናል። ለዚህ ሥራ ግን የወባ አጎበር አይወሰድ። አንደኛ አጎበሩ የተነከረበት መድኃኒት ቢራቢሮውን ይገድላል፤ ሁለተኛ አጎበር የሕፃን ሕይወት ጠባቂ ነውና ከአልጋ ላይ አይነሣም።

ትሉ ያለበት የሎሚ ቅርንጫፍ በውኃ ጠርሙስ ይደረጋል፤ ትሉ ገብቶ እንዳይሰጥም የጠርሙሱ አፍ በጨርቅ ይወተፋል። ቅጠሉ በየቀኑ ይለወጣል፤ ኩሱ ይጠረጋል። ትል ከለመደው ቅጠል በቀር ሌላ ስለማይበላ የተገኘበት ተክል ይጻፋል። ጠጕራሙን አባ ጨጓሬ ግን ልጆች በእጅ እንዳይነኩ መምህሩ ይከልክል። የታየበት ቀን፣ የተሸፈነበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ ዝናብ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ሁሉም በመዝገብ ይጻፍ። ቢራቢሮው ከታየ በኋላ ይለቀቅ። ለሣጥን የሚሆን ከየዓይነቱ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይያዝ፤ ሞቶ የተገኘም ይበቃል። ሣጥኑም የደረቁትን የሚበላ ትንሽ ጥንዚዛ እንዳይገባ በደንብ ይዘጋ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሳይቋረጥ ከተጻፈ የትምህርት ቤት መዝገብ መሆኑ ይቀርና የወረዳው ሀብት ይሆናል። ተምች በየትኛው ወር እንደሚነሣ፣ በማንጎው ላይ ነጩ ነገር መቼ እንደሚበዛ ከእርሱ ይነበባል። የግብርና ሠራተኛ ሲመጣም ጥያቄውን በማስረጃ የሚመልስለት ያገኛል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሽማግሎች ድርሻ ከመምህሩ አያንስም። ክንፍ ያለው ምስጥ በየትኛው ዝናብ ማግስት ከኩይሳው እንደሚወጣ፣ ንብ በየትኛው አበባ ላይ እንደምትሰፍር፣ የቆላ ዝንብ ከብት የሚያጠቃው በየትኛው ወንዝ ዳር እንደ ሆነ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በወረቀት አልተጻፈም፤ አንድ ሽማግሌ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ መምህሩ በወር አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ወደ ትምህርት ቤቱ ጠርቶ ያስነግር፤ ልጆችም የነፍሳቱን ስም በበርታ ቋንቋና በአማርኛ ጎን ለጎን ይጻፉ። ስሙ በእናቱ ቋንቋ የተጻፈለትን ነገር ልጅ አይንቀውም፤ አይረሳውምም።

ልጆች ቢራቢሮ ሲያባርሩ የሚውሉ ከሆነ ፊደሉን መቼ ይቈጥራሉ የሚል አባት ቢኖር አይፈረድበትም፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የላከው የሥራ እጁን አጉድሎ ነውና። መልሱ ግን ይህ ነው። ልጁ የትሉን ቀን ሲቈጥር ሒሳብ ይማራል፤ ያየውን ሲጽፍ ቋንቋ ይማራል፤ ጠላትን ከወዳጅ ሲለይ ደግሞ እርሻን ይማራል። ወደ ቤቱ ሲመለስም የማንጎውን ቅጠል ገልብጦ፣ አባባ፣ ይህ ኖራ አይደለም፣ ነፍሳ ነው፣ ይላል። አባትየው ያን ቀን ቅርንጫፉን ቈርጦ ካቃጠለ የዛፉ ፍሬ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ያን ቀን ካልተናገረ ግን፣ ዛፉ እየደረቀ ሲሄድ ምክንያቱን የሚያውቅ በቤቱ አይኖርም።

ስለዚህ እያንዳንዱ የመንደር ትምህርት ቤት በሚመጣው ክረምት መግቢያ አንድ የቀርከሃ ቤት፣ አንድ ሣጥንና አንድ መዝገብ እንዲያዘጋጅ ይገባል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጎንበስ ብሎ የሚያይ መምህርና የሚያውቀውን የማይሰስት ሽማግሌ ነው።